ለአንድ በር ስንት መዝገብ

የጅቡቲ ፀሐይ ሰው ለማናገር የምትፈቅደው ከበረደች በኋላ ስለሆነ፣ ወደብና ሱቅ ውላችሁ ድካማችሁን ሳታራግፉ መምጣታችሁን አውቃለሁ፤ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ ድሬዳዋ ያደገ አለ፣ ከሐረርና ከወሎ የመጣ አለ፣ እዚሁ ተወልዶ አማርኛን ከፈረንሳይኛና ከሶማልኛ ጋር የሚያቀላጥፍም አለ። ስለዚህ ምሳሌዎቼን ከቤተ ሙከራ ሳይሆን በየቀኑ ከምናየው ነገር እወስዳለሁ።

ስገባ በር ላይ አንዲት እናት እጄን ያዝ አድርገው፣ «ስኳር በዘር ነው ይላሉ። እኔ አለብኝ። ልጆቼስ? ያ የምታነበው ኮምፒውተር ምን ይላል?» አሉኝ። ከንግግሩ በኋላ እመልስልዎታለሁ ብዬ አለፍኩ። እውነቱን ለመናገር ጊዜ ለማግኘት ነው፤ ጥያቄያቸው ያዘጋጀሁትን ንግግር በሙሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሎታልና።

ዓላማዬ ይህ ነው። ስኳርን ከደም ወደ ሴል የሚያስገቡ ፕሮቲኖች አሉ። ስለ እነዚህ ፕሮቲኖችና ከእነሱ ጋር ስለሚያያዙ በሽታዎች የሚታወቀው ነገር ማንም ሰው በነፃ ሊከፍታቸው በሚችል ትልልቅ የመረጃ ቋቶች ውስጥ ተመዝግቧል። መዝገቦቹን ጎን ለጎን ስታነቧቸው ግን ስለ አንድ ፕሮቲን የሚሉት ነገር አይገጥምም። ለምን እንደማይገጥም፣ እኛን ምን እንደሚነካን ማሳየት እፈልጋለሁ። በመጀመሪያ ፕሮቲኑ የሚሠራውን ሥራ እናያለን፤ ቀጥሎ መዝገቦቹን እንከፍታለን፤ ከዚያ ወደ አንድ የልጆች በሽታ፣ ወደ ስኳር በሽታ፣ በስተመጨረሻም መዝገቡ ውስጥ ወደሌሉት ሰዎች እንሄዳለን። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ከፕሮቲኑ ልጀምር። ሴል በቀጭን የስብ ሽፋን የታጠረ ነው። ስኳር ውሃ ወዳድ ስለሆነ ያንን አጥር በራሱ አያልፍም፤ በር ያስፈልገዋል። በሮቹ ግሉት የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በሰው አካል ውስጥ 14 ዓይነት አሉ። ተራ በር ግን አይደሉም፤ ከወደብ ሲወጣ መኪና እንደሚያልፍባቸው ሁለት መዝጊያዎች ናቸው። የውጭው ተከፍቶ ስኳሩ ሲገባ ይዘጋል፣ ከዚያ የውስጡ ይከፈታል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ክፍት ሆነው አይገኙም። ግሉት-1 በቀይ የደም ሴልና ደምን ከአንጎል በሚለየው ግድግዳ ላይ ይበዛል። ግሉት-2 በጉበት፣ በኩላሊትና በአንጀት፣ ግሉት-3 በነርቭ ሴሎች፣ ግሉት-4 ደግሞ በጡንቻና በስብ ውስጥ ይገኛል።

ስኳር በሽታ ሲባል የሚነሳው ይህ አራተኛው ነው፤ ታሪኩንም ለወደብ ሰው መንገር ደስ ይላል። መርከብ ደርሷል እንበል፤ ዕቃው ሞልቷል፤ ክሬኖቹ ግን ከባሕሩ ዳር ሳይሆን ጓሮ ካለው መጋዘን ውስጥ ቆመዋል። ግሉት-4 እንዲሁ ነው። ጡንቻ ሲያርፍ አብዛኛው ግሉት-4 በሴሉ ውስጥ በትንንሽ ከረጢቶች ተጠቅልሎ ይተኛል። ኢንሱሊን ሲመጣ «ውጡ» የሚል ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ከረጢቶቹ ወደ ዳር ሄደው ከሽፋኑ ጋር ይዋሃዳሉ፣ ስኳሩም መራገፍ ይጀምራል። ይህን በ1980 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች በየፊናቸው ደረሱበት። ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ የያዘው ሰው ክሬን አላጣም፤ የጎደለው የትእዛዙ መሰማት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ግሉት-4ን ያለ ኢንሱሊን ትእዛዝ፣ በሌላ መንገድ ወደ ዳር ያወጣዋል። የኢንሱሊንን ጥሪ መስማት ያቃተው ጡንቻ እንኳ የእግርን ጥሪ ይሰማል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ጫቱ ከደረሰ በኋላ መብረዝ በምንለው መቃሚያ ቤት ውስጥ ተደግፈን፣ በስኳር የተሞላ ሻይና ለስላሳ እየደጋገምን እስከ ማታ ስንቀመጥ ምን እንደሚሆን አስቡት። መርከቡ በላይ በላዩ ይመጣል፤ ክሬኑ መጋዘን ውስጥ ተኝቷል። ጫት ተዉ ለማለት አልመጣሁም፤ ብልስ ማን ይሰማኛል? መሸት ሲል ግን ባሕሩን ተከትሎ ግማሽ ሰዓት መራመድ ለብዙ ሰው ይቻላል።

አሁን ወደ መዝገቦቹ እንግባ። በመጀመሪያው ደጃፍ ላይ የሚጠብቀን ችግር የስም ነው። «ግሉኮስ አስተላላፊ» ብላችሁ ብትፈልጉ ሁለት ቤተሰብ ተደባልቆ ይመጣል። አንደኛው አሁን የነገርኳችሁ የግሉት ቤተሰብ ነው፤ ስኳሩን ከበዛበት ወደ አነሰበት ያሳልፋል እንጂ ጉልበት አያወጣም። ሁለተኛው ኤስጂኤልቲ ይባላል፤ ስኳርንና ጨውን አጣምሮ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ስኳሩን ወደ በዛበት ወገን ይገፋል። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያ አባል አንጀታችን ውስጥ ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ኦአርኤስ ሲጠጣ የሚድነው በእሱ ነው። በኦአርኤስ ውስጥ ስኳር የገባው ለጣዕም አይደለም፤ ጨውን ይዞ እንዲገባ ነው፤ ውሃው ጨውን ይከተላል። ስለዚህ ስም ብቻ ይዞ መዝገብ የሚከፍት ሰው ስለ ስኳር በሽታ ፈልጎ ስለ ተቅማጥ ሊያነብ ይችላል። ባለሙያዎች ለዚህ ነው እያንዳንዱን ፕሮቲን በቁጥር የሚጠሩት። ግሉት-1 ዩኒፕሮት በሚባለው መዝገብ ፒ11166 ነው። ስሙ ቢለዋወጥ ይህ ቁጥር ያገናኛል።

ዩኒፕሮት የፕሮቲኖች መዝገብ ነው። ሥሩ አሞስ ባይሮክ የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በ1986 በጄኔቭ የጀመረው ስዊስ-ፕሮት ነው፤ በ2002 ከሌሎች ጋር ተዋህዶ የዛሬውን ስም ያዘ። ይህ መዝገብ ፕሮቲኑን «አንተ ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ ግሉት-1 የሚነግረን እንደ ፊደል የተደረደሩ 492 አሚኖ አሲዶች እንዳሉት፣ የሴሉን ሽፋን 12 ጊዜ እንደሚያቋርጥ፣ የትኛው ክፍል ወደ ውስጥ፣ የትኛው ወደ ውጭ እንደሚያይ ነው። የፊደሉ ቅደም ተከተል የተነበበው በ1985 ከአንድ የጉበት ካንሰር ሴል ነው፤ 12 ጊዜ ማለፉም ያኔ ከፊደሉ ብቻ ተገምቶ ነበር። ግምቱ በዓይን የታየው ከ29 ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ኒዬንግ ያን የምትመራው የቻይና ቡድን የሰውን ግሉት-1 ቅርጽ ባሳየ ጊዜ ነው።

ያ ቅርጽ የተቀመጠው በሌላ መዝገብ፣ በፕሮቲን መረጃ ባንክ ውስጥ ነው። ባንኩ በ1971 ሲከፈት የነበሩት ቅርጾች ሰባት ብቻ ነበሩ። የግሉት-1ን ፎቶ ግን በጥንቃቄ ተመልከቱት፤ ፎቶ የተነሳው ፕሮቲን እንደ ተፈጥሮው አይደለም። ዝም ብሎ እንዲቆምላቸው ተመራማሪዎቹ ሁለት ቦታ ላይ አሚኖ አሲድ ቀይረውበታል፤ አንደኛው 45ኛው፣ ሁለተኛው 329ኛው ነው። ወደ ውስጥ ተከፍቶ እንዲቆይ ተደርጎ የተነሳ ነው። የድሮ ፎቶ ቤት ለፎቶ ኮት ያከራይ እንደነበረ፣ ይሄም ለፎቶ ኮት ለብሷል። ውሸት አይደለም፤ ግን ሁለቱን መዝገብ ፊደል በፊደል ያነጻጸረ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ልዩነት አግኝቶ «በሽታ ነው» ብሎ እንዳይደነግጥ ማወቅ አለበት።

ፕሮቲኑን ይህን ያህል ካወቅን ወደ በሽታው እንለፍ፤ መዝገቦቹ የሚጣሉት እዚህ ነው። በ1991 ዳሪል ደ ቪቮና ባልደረቦቹ ስለ ሁለት ልጆች ጻፉ። ልጆቹ የሚጥል በሽታ ነበራቸው፤ እድገታቸውም ዘግይቷል። በደማቸው ያለው ስኳር ደኅና ነበር፤ ከጀርባ በመርፌ በተቀዳው፣ አንጎልን በሚከበው ፈሳሽ ውስጥ ግን ስኳሩ ዝቅተኛ ነበር። ምግቡ ከተማው በር ደርሷል፤ በሩ ስለተበላሸ አንጎል ተርቧል። በኋላ የተበላሸው የግሉት-1 ጂን፣ ማለትም ፕሮቲኑ የሚሠራበት የዘር መመሪያ፣ እንደሆነ ታወቀ።

የሚጥል በሽታ ሲነሳ በአገራችን ምን እንደሚደረግ ታውቃላችሁ። ክብሪት ጭረን ጭሱን እናሸታለን፤ ጸበል እንወስዳለን፤ ቁርኣን እናስቀራለን። የሚጸልይ ሰው ላይ ቃል የለኝም። ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ ሰዓቱ ነው። ግሉት-1 የጎደለው ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ወይም ሰውነቱ የሚዝለፈለፈው ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበላ ነው፤ ሲበላ ይሻለዋል። ይህን ያስተዋለች እናት ሐኪሙ የማያውቀውን ታውቃለች፤ ሳትረሳ ትንገረው። ምርመራውም ውድ ማሽን አይጠይቅም። ልጁ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ሳይበላ ቆይቶ መጀመሪያ ደም፣ ወዲያው የጀርባ ፈሳሽ ይወሰዳል፤ በሁለቱ ያለው ስኳር ይነጻጸራል። በጤነኛ ልጅ የፈሳሹ ስኳር ከደሙ ከመቶ ስድሳ ገደማ ነው፤ በበሽታው ግን መጠኑ ብዙ ጊዜ በዴሲሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች ይወርዳል። ሕክምናው በሐኪምና በምግብ ባለሙያ ክትትል የሚሰጥ፣ እንጀራና ዳቦ የሚቀነስበት፣ ቅቤና ዘይት የሚበዛበት ምግብ ነው። አንጎል ከስብ የሚገኘውን ኪቶን በሌላ በር ማስገባት ስለሚችል ረሃቡ ይቀልለታል።

አሁን ይህን በሽታ በመዝገብ እንፈልገው። ኦሚም የሚባለው መዝገብ ቪክቶር ማኩሲክ በባልቲሞር በ1966 በመጽሐፍ የጀመረው፣ በዘር የሚወረሱ በሽታዎች ስብስብ ነው። ጥያቄው «ምን በሽታ ተጽፎብሃል?» የሚል ነው። በግሉት-1 ጂን ሥር አምስት የበሽታ ስሞች ይሰጠናል፦ በጨቅላነት የሚጀምር ከባድ ጉድለት፣ ዘግይቶ የሚጀምር ቀለል ያለ ጉድለት፣ የእንቅስቃሴ መዛባት፣ ለሚጥል በሽታ መጋለጥ፣ ከቀይ የደም ሴል መሰባበር ጋር የሚመጣ የነርቭ ችግር። አምስት ቁጥር፣ አምስት ገጽ። ብዙዎቹ የነርቭ ሐኪሞች ዛሬ እነዚህን በአብዛኛው የአንድ በሽታ የተለያየ መልክ አድርገው ያዩዋቸዋል። ታዲያ ኦሚም ተሳስቷል? አልተሳሳተም። ጽሑፎቹ በየጊዜው ሲታተሙ ደራሲዎቹ የሰጡትን ስም እየተከተለ መዝግቧል። ኦሚም የጽሑፍ ታሪክ ነው፤ የታሪክ መዝገብ ደግሞ የቀድሞውን ስም አይሰርዝም።

ኦርፋኔት የሚባለው የብርቅ በሽታዎች መዝገብ በ1997 በፈረንሳይ ተጀመረ፤ የሚጠይቀው «ሐኪሙ ፊት የተቀመጠው ሕመምተኛ ምን ይባላል?» ብሎ ነው። እሱ ዋናውን በሽታ በአንድ ስም ይይዘዋል። ለጅቡቲ ሰው ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። እንበል፣ አንድ ልጅ እዚህ ይታያል፤ ወረቀቱ በፈረንሳይኛ ይጻፋል፤ ፈረንሳዮች ይህንን በሽታ በደ ቪቮ ስም መጥራት ይቀናቸዋል። ቤተሰቡ በባቡር አዲስ አበባ ይገባል። እዚያ ያለው ሐኪም የተማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ «የግሉት-1 ጉድለት» የሚለውን ያውቃል፤ «ደ ቪቮ» የሚለውን ግን ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። ምርመራው እንደገና ከመጀመሪያ ይጀመራል፤ መርፌው እንደገና ይወጋል። ወረቀቱ ላይ የኦርፋኔት ቁጥር 71277 ወይም የኦሚም ቁጥር 606777 ቢጻፍ ግን ፈረንሳይኛም እንግሊዝኛም አያስፈልግም። ከዛሬው ንግግር የምታስታውሱት አንድ ነገር ብቻ ከሆነ፣ የልጃችሁ የሕክምና ወረቀት ላይ የበሽታውን ቁጥር አስጽፉ።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እየቀረብኩ ነው። ግሉት-4 የስኳር በር ነው፤ ስለዚህ ጂኑ ሲበላሽ ስኳር በሽታ ይመጣል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ኦሚምን ብትከፍቱ የግሉት-4 ጂን ሥር ሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ማስረጃው ምንድን ነው ብላችሁ ወደ ታች ብትወርዱ ግን በ1991 የታተመ አንድ ጥናት ይጠብቃችኋል። ስድስት ሕመምተኞች ተመረመሩ፤ በአንዱ ላይ 383ኛው አሚኖ አሲድ ተቀይሮ ተገኘ። ከስድስት አንድ። ዩኒፕሮት ይህንኑ ይዞ ጥንቃቄ ጨምሮበታል፤ ዝንባሌው ከዚህ ጂን ለውጥ ጋር ሊያያዝ ይችላል ይላል። «ሊያያዝ ይችላል» የሚለውን ቃል አትለፉት። ከመዝገብ ወደ መዝገብ በሚገለብጡ ገጾች ውስጥ መጀመሪያ የሚወድቀው ይህ ቃል ነው፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ «የስኳር በሽታ ጂን» ሆኖ ይደርሰናል። በሽማግሌ ፊት እንደሚቀርብ ወሬ ነው፤ ያየና የሰማ ይለያያል፣ የሰማና ከሰማው የሰማ ደግሞ ይበልጥ ይለያያል።

በሺህና በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ጂን ከተነበበ በኋላ የመጣው ውጤት ሌላ ነው። በ2006 ከአይስላንድ ተመራማሪዎች የተሰማው ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባል ጂን እስከ ዛሬ ከሁለተኛው ዓይነት ስኳር በሽታ ጋር በጥብቅ ከሚያያዙት ዋነኛው ነው፤ እሱ ጭራሽ የስኳር በር አይደለም። ከሱ ጋር በመቶ የሚቆጠሩ ሌሎች ቦታዎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ። እንደ ዕቁብ ነው፤ አንድ ሰው ሁሉንም አይከፍልም።

የመጨረሻው ክፍል ላይ ደረስን፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸኛው ነው። ክሊንቫር የሚባል መዝገብ አለ፤ በ2013 በአሜሪካ የተከፈተ ነው። ላቦራቶሪዎች ስላገኙት የጂን ለውጥ ፍርዳቸውን ያስገቡበታል፦ በሽታ አምጪ፣ ምናልባት በሽታ አምጪ፣ ትርጉሙ ያልታወቀ፣ ምናልባት ጉዳት የሌለው፣ ጉዳት የሌለው። ሁለት ላቦራቶሪ ስለ አንድ ለውጥ ሁለት ፍርድ ሊሰጥ ይችላል፤ መዝገቡም ሁለቱንም ይዞ «አይስማሙም» ብሎ ይጽፋል። ይህ ግልጽነት ያስመሰግነዋል።

ፍርዱ በምን ይሰጣል? አንዱ ዋና መለኪያ ለውጡ በጤነኛ ሰዎች ዘንድ ምን ያህል የተለመደ ነው የሚል ነው። በብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚገኝ ለውጥ የብርቅ በሽታ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ጥሩ አመክንዮ ነው፤ ግን የማን ጤነኛ? በ2015 የተጠናቀቀው የሺህ ጂኖም ፕሮጀክት ከ26 ሕዝቦች የ2504 ሰዎችን ጂን አነበበ። ከምሥራቅ አፍሪካ የገቡት የኬንያ ሉህያዎች ብቻ ናቸው። አማራ የለም፣ ኦሮሞ የለም፣ ሶማሌ የለም፣ አፋር የለም። ጅቡቲ ከተማን የሞሉት ሰዎች እንዳሉ የሉም። በ2012 የ235 ሰዎች ጥናት ታትሟል፤ ከኢትዮጵያ አሥር ሕዝቦች፣ አፋርን ጨምሮ፣ ገብተውበታል፤ በ2015 የአፍሪካ ጂኖም ልዩነት ፕሮጀክት አማራን፣ ኦሮሞንና የኢትዮጵያ ሶማሌን ጨምሯል። ጅምር ነው፤ ቁጥሩ ግን ትንሽ ነው። ስለዚህ የእኛ ልጅ ምርመራ ሲደረግለት በአያት ቅድመ አያቱ መንደር ሁሉ ያለ ተራ ለውጥ እንኳ «ትርጉሙ ያልታወቀ» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ብርቅ የሆነው ለውጡ ሳይሆን የእኛ በመዝገቡ ውስጥ መገኘት ነው።

ከዚህ የባሰ ምሳሌ ልስጣችሁ። ከእናንተ መካከል ሜትፎርሚን የሚውጡ አሉ። በ2016 የታተመ ጥናት በግሉት-2 ጂን ውስጥ ያለ አንድ ልዩነት ሜትፎርሚን ስኳርን የሚያወርድበትን መጠን እንደሚነካ አሳየ፤ ሲ የተባለውን ዓይነት የያዙ ሰዎች የሦስት ወር አማካይ ስኳራቸው በመድኃኒቱ ይበልጥ ይወርድላቸዋል። ክብደት በበዛባቸው ሰዎች ዘንድ ልዩነቱ ከ550 ሚሊ ግራም መድኃኒት ጋር የሚስተካከል ነበር። ዋናው ውጤት የተለካው በ10577 ሰዎች ላይ ነው፤ ሁሉም ዝርያቸው ከአውሮፓ ነው። ሲ የሚባለው ዓይነት ግን ከአውሮፓውያን ይልቅ የሚበዛው የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ነው። ብዙ ባለቤት ያለው እዚህ ሆኖ ሳለ በአብዛኛው የተለካው እዚያ ነው። ኦሚምን በግሉት-2 ስም ብትከፍቱ ዋናው የተጻፈው ፋንኮኒና ቢክል በ1949 የገለጹት፣ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ ብርቅ በሽታ ነው፤ የሜትፎርሚኑን ነገር የሚፈልግ ሰው ሌላ መዝገብ ማንኳኳት አለበት።

አሁን እናቴ፣ ዕዳዬን ልክፈል። ኮምፒውተሩ ምን ይላል ብለውኝ ነበር። አንዱ መዝገብ «አዎ» ይላል፤ ከስድስት ሰው አንዱን አይቶ ነው። ሌላው «ሊሆን ይችላል» ይላል። ትልልቆቹ ጥናቶች በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ምክንያቶችን ይቆጥራሉ፤ ካጠኗቸው ሰዎች ውስጥ የእርስዎን ቤተሰብ የሚመስል በጣም ጥቂት ነው። ልጆችዎ ከእርስዎ ጂን ወርሰዋል፤ ስኳር ያለበት ወላጅ ያለው ልጅ ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ መሆኑን ማንም አይክድም። ከእርስዎ የወረሱት ግን ጂኑን ብቻ አይደለም፤ ሻዩንም፣ አቀማመጡንም ወርሰዋል። ዕድሜያቸውን ስጠይቅዎ ትልቁ 38 ዓመቱ ነው ብለውኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ይምጣና ስኳሩ ይለካ፤ ታናናሾቹንም ይዘው ይምጡ።